ትከሻውን ለማን እንስጥ?

እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ሚኒሶታ ብዙዎቻችሁ ታክሲ፣ ኡበር ወይም ከባድ መኪና ትነዳላችሁ። እኔ የምነዳው አውቶቡስ ነው። ስለ ሃይዌይ ትከሻ፣ ማለትም ከመንገዱ ዳር የተበላሸ መኪና ስለሚቆምበት አስፋልት፣ እንድናገር ስጠየቅ ባለቤቴ «ስለ ትከሻ ከሆነ እስክስታ አስተምራቸው» አለችኝ። እሱን ከእራት በኋላ እናየዋለን።

ጥያቄያችሁ ገብቶኛል። ጠዋት መንገዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በቀኝ በኩል ባዶ አስፋልት እያየ የማይናደድ ሹፌር የለም። ታዲያ ለምን ለሁሉም አይከፈትም?

እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በትከሻው የሚሄደው አውቶቡስ ነው። እሱም ዝም ብሎ አይደለም። የምገባው ዋናው መስመር በሰዓት ከ35 ማይል በታች ሲሄድ ብቻ ነው። ከጎኔ ካሉት መኪኖች በ15 ማይል ብቻ ነው መፍጠን የምችለው፤ በምንም ተአምር ደግሞ ከ35 አላልፍም። ከመግቢያ ለሚመጣ መኪና ቅድሚያ እሰጣለሁ። የተበላሸ መኪና ፊቴ ካለ ወደ መስመሬ እመለሳለሁ። ዛሬ አልገባም ብልም የሚያስገድደኝ የለም።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። በግራ የጎረቤቴ መስታወት ክንድ በማይሞላ ርቀት ያልፋል፤ በቀኝ የተጠረገ በረዶ ደርቆ ተቆልሏል። በክረምት እንኳ መዳፌን ያልበኛል።

እንግሊዞች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በርሚንግሃም አጠገብ፣ ኤም 42 በሚባለው ሃይዌይ ላይ፣ ትከሻውን በተጨናነቀ ሰዓት ለሁሉም ከፈቱት። ከላይ የተሰቀለ ምልክት ይከፍታል፣ ይዘጋል። መኪና ለተበላሸበት ሰው በየ500 ሜትሩ ገደማ መጠጊያ ነበር። ጥሩ ሠራ። በኋላ ግን በሌሎች መንገዶች ትከሻውን ጨርሰው ቋሚ መስመር አደረጉት፤ መጠጊያዎቹም እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ድረስ ተራራቁ። መሃል ላይ ሞተር የጠፋበት ሰው መኪና በሚበርበት መስመር ላይ ቆሞ ቀረ። ሰው ሞተ። በ2023 መንግሥት አዲስ እንዲህ ያለ መንገድ አልሠራም አለ። ወጪውም ነበር፣ ሕዝቡም አላመነውም።

እኔ ራሴ አንድ ማታ ልጆቼን ይዤ ጎማ ፈንድቶብኛል። ያኔ የተጠጋሁት እዚያው ትከሻ ላይ ነው። ባይኖር የት እገባ ነበር?

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፦ ለአውቶቡስ ይስፋ። ለሁሉም ይከፈት ከተባለ ግን በሰዓት ተወስኖ፣ ምልክቱ ተሰቅሎ፣ መጠጊያው ቀድሞ ተሠርቶ ይሁን። አስፋልቱ አለ ተብሎ ብቻ አይከፈት።

አንድ ልመና ልጨምር። በትከሻው ስመጣ መኪናችሁን ወደ ቀኝ ጠጋ አድርጋችሁ የምትዘጉብኝ አላችሁ። «እኛ ቆመን አንተ ልታልፍ?» መሆኑ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ካምሪ፣ መስታወቱ ላይ መስቀል ያንጠለጠለ፣ እንዲሁ አደረገኝ። ወንድሜ፣ እዚህ ካለህ፣ ከኋላዬ ወንበር ላይ ሁለት ነጠላ የለበሱ እናቶች ነበሩ። አንዷ መኪናህን አውቃዋለች።

አመሰግናለሁ።