አንድ ቁልፍ ለሁሉም በር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ መኪና በር ቁልፍ ነው፤ ከሌላ መኪና የመጣ የበር ሲሊንደር፣ ማለት ቁልፉ የሚገባበት ክፍል፣ እጃችሁ ላይ ባለው ቁልፍ እንዲከፈት ስለማድረግ።

ነገሩ የሚመጣው በብዙ መንገድ ነው። መኪናው ተጋጭቶ ባትላሜራ ቤት ይገባና በሩ ይቀየራል። መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የተገዛው በር ከነሲሊንደሩ ይመጣል፣ ቁልፉ ግን የለም። ሌላ ጊዜ ሌባ በካቻቢት ይፈለቅቀዋል፣ ወይም ቁልፍ ውስጡ ተሰብሮ ይቀራል። ከዚያ ባለቤቱ ለማስነሻው አንድ፣ ለበሩ ሌላ ቁልፍ ይዞ መዞር ይጀምራል። አለዚያም የሹፌሩን በር በቁልፍ መክፈት እርግፍ አድርጎ ይተውና በጋቢናው በር ገብቶ እየተንጠራራ ይከፍታል። ስንት ሰው ለዓመታት እንዲህ ይኖራል! አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ማንም መኪናውን የሚወድ ሰው ሊያሠራው የሚገባ ሥራ።

ከሁሉም በፊት ግን ስለ ሊማ፣ ማለት ስለ ብረት መሞረጃው ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን ክፍል እንዳዘጋጅ ያደረገኝ እሱ ነው። ይህን ሥራ በትክክል የሚሠሩ ቁልፍ ሠሪዎች አሉ፤ በሊማ ሞርደው የሚሰጡም አሉ። ውጤቱ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፣ ቁልፉ ይገባል፣ ይዞራል። ውስጡ ግን አንዱ ቁልፍ ነው፣ ሌላው የቁልፍ መልክ ያለው ቀዳዳ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ሲሊንደሩን መክፈት አለብን።

የመኪና በር ሲሊንደር ሁለት ዋና ክፍል አለው። የማይንቀሳቀሰውን ውጫዊውን ቤት እንበለው፤ ቁልፉ ገብቶበት አብሮ የሚዞረውን ደግሞ ግንድ። ግንዱ ላይ በተርታ የተሰነጠቁ ቦታዎች አሉ፤ በየስንጥቁ አንድ ዋፈር፣ ማለት ቀጭን የናስ ቅጠል ተቀምጧል። መሐሉ መስኮት አለው፣ ቁልፉ በዚያ መስኮት ያልፋል። ከጎኑ ፀጉር የምታህል ሞላ ትገፋዋለች። ቁልፍ ሳይኖር ሞላዋ ዋፈሩን ከግንዱ ውጭ ታወጣዋለች፣ ጫፉም ቤቱ ውስጥ ካለው ቦይ ይገባል፤ ስለዚህ ግንዱ አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ እያንዳንዱ ጥርስ የራሱን ዋፈር ይስባል፣ ሁሉም ከግንዱ ጋር እኩል ይሆናሉ፣ ግንዱ ይዞራል።

የዋፈሮቹ ልዩነት የመስኮቱ ከፍታ ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች፣ እነ ኮሮላን አስቡ፣ 4 ዓይነት ከፍታ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ዋፈሩ ላይ ተመቷል። ብርሃን ላይ አዘንበል አድርጋችሁ በማጉያ መነጽር ካያችሁት ይታያል። ስለዚህ ሲሊንደርን ከቁልፍ ጋር ማስማማት ማለት ትክክለኛውን ቁጥር በትክክለኛው ስንጥቅ ማስቀመጥ ነው። አለቀ።

አሁን ወደ ሊማው ልመለስ። ባለሊማው ምን ያደርጋል? ግንዱን ያወጣል፣ የእናንተን ቁልፍ ያስገባል፣ ከግንዱ በላይ የተረፈውን ዋፈር ሁሉ ሞርዶ ያስተካክላል። 10 ደቂቃ አይፈጅም። የተሞረደ ዋፈር ግን አጥሯል፤ ስላጠረ በአንድ ከፍታ ብቻ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ከፍታ እኩል ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የሌላ ሰው ቁልፍም ይከፍተዋል። የባሰው ደግሞ የማይስማማውን ዋፈር አውጥቶ መጣል ነው። ሂሳቡን አስሉት። 8 ስንጥቅ፣ በየአንዳንዱ 4 ከፍታ፣ በወረቀት ላይ 65,536 ጥምረት ይሰጣል፤ ፋብሪካው ሁሉንም ባይጠቀምም ብዙ ነው። 5 ዋፈር ጥላችሁ 3 ብታስቀሩ የሚቀረው 64 ነው። አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ተመሳሳይ መኪና ያለው ሰው ተሳስቶ ሊከፍተው ይችላል። ደንበኛው የከፈለው ለቁልፍ ነው፤ ይህን መስጠት ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ዋፈር ጠፍቶ ባዶ ቢቀር፣ ደንበኛው ተነግሮት ከተስማማ፣ እሺ። ከዚያ ማለፍ የለበትም።

እሺ፣ ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው? ከቁልፉ እንጀምር፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። መጀመሪያ ቁልፋችሁ በመጣው ሲሊንደር ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጡ። ካልገባ የቁልፉ ቅርጽ፣ ጎኑ ላይ ያለው ቦይ፣ አይገጥምም ማለት ነው፤ ምንም ዋፈር ብትቀይሩ አይሆንም። ይህን ሶማሌ ተራ ሳላችሁ ሞክሩት፣ ቁልፉን ይዛችሁ ሂዱ። ጥርሱ ጠርዙ ላይ የተቆረጠ ቁልፍና መሐሉ ላይ እንደ ቦይ የተቀረጸው አዲሱ ዓይነት በፍጹም አይገናኙም።

ቀጥሎ ቁልፉ ምን ያህል እንደተበላ እዩ። 15 ዓመት ያገለገለ ቁልፍ ጥርሱ ዶልዱሟል። ከቅጂ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ በየቅጂው ትንሽ ትንሽ ስቷል። እንዲህ ያለውን ቁልፍ መለኪያ አድርጋችሁ ዋፈር ስትመርጡ 2 ቁጥር ትንሽ ከላይ ይተርፋል፣ 3 ቁጥር ትንሽ ከታች ይተርፋል፤ ሰው ሊማ የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ያለው ዋፈሩ ላይ ሳይሆን ቁልፉ ላይ ነው። መፍትሔው ቁልፉን በመለኪያ አንብቦ፣ መሆን የነበረበትን ቁጥር አግኝቶ፣ መጀመሪያ አዲስ ቁልፍ በቁጥሩ መቁረጥ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የቁልፉ ኮድ የጋቢናው በር ሲሊንደር አካል ላይ ተመቶ ይገኛል፤ መኪናው አዲስ ሲሸጥ አብራ የምትመጣዋ ትንሽ የብረት ምልክት ላይም አለ፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ ጠፍታለች። ኮዱ ከተገኘ ግምት የለም።

እዚህ ላይ ቁልፍ ሠሪው ሊብሬ ቢጠይቃችሁ አትከፉ። መጠየቁ ጥሩ ባለሙያ መሆኑን ያሳያል።

ሲሊንደሩን ከበሩ ማውጣት እንደ መኪናው ይለያያል። በአዳዲሶቹ ላይ፣ ቪትዝን ውሰዱ፣ በሩን ከፍታችሁ ጠርዙን ብታዩ፣ በእጀታው ትክክል ትንሽ የጎማ መድፈኛ አለች። እሷን ስታነሱ ውስጥ ብሎን አለ፣ ብዙ ጊዜ ባለ ኮከብ ራስ 30 ቁጥር። እስኪላላ ብቻ ፍቱት፤ ሙሉ በሙሉ ለማውጣት አትታገሉ። እጀታውን ወደ ውጭ ስባችሁ ሲሊንደሩን ታወጡታላችሁ። በአሮጌዎቹ ላይ የበሩ የውስጥ ሽፋን መነሳት አለበት። መስታወቱ ወደ ላይ ወጥቶ የተዘጋ ይሁን። የመስታወት ማዞሪያውን የያዘችውን ሽቦ ከማዞሪያውና ከሽፋኑ መሐል ጨርቅ አስገብታችሁ ወዲያ ወዲህ ስታሹት ትወጣለች፤ ተፈናጥራ ስለምትጠፋ እጃችሁን ከልሉ። ሽፋኑ ከተነሳ በኋላ ያለውን ላስቲክ አትቅደዱት። እሱ ከተቀደደ ክረምት ላይ ውኃ ጋቢና ይገባል፤ ወለሉ ረጥቦ ሲሸት ሰው የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ሲሊንደሩን ከበሩ መቆለፊያ የሚያገናኘውን ዘንግ የያዘችው ፕላስቲክ በካቻቢት አትፈንቀል፤ ወደ ጎን ዞራ ነው የምትላቀቀው። ከዚያ የፈረስ ኮቴ የሚመስለውን የብረት መያዣ በፒንሳ ስባችሁ ማውጣት ነው።

አሁን ጠረጴዛ ላይ ነን። ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ናስ በማግኔት አይሳብም፤ የወደቀ ዋፈር የሚገኘው በዓይን ብቻ ነው። ሞላዎቹ ደግሞ ከተፈናጠሩ አይገኙም ማለት ይቻላል፤ የሚወጡበትን ሥራ ግልጽ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ እጅን አስገብቶ መሥራት ይጠቅማል። ምንም ሳትነኩ የሲሊንደሩን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሱ፦ ዘንጉን የምታንቀሳቅሰው ምላስ ወዴት እንደዞረች፣ መላሿ ሞላ እግሯ የት እንደተሰካ። ቀኝና ግራ በር የሚለያየው ብዙ ጊዜ በዚች ምላስ ነው። ከዚያ የኋላውን መያዣ ቀለበት አውጡ። ፊት ለፊት ያለው የሚያብረቀርቅ ቆብ ዙሪያውን ታጥፎ የተያዘ ነው፤ በቀጭን ካቻቢት ዙሪያውን ጥቂት ጥቂት እያነሳችሁ አውጡት። በአንድ ቦታ ብቻ ከጎተታችሁት ይጣመማል፤ ከውስጡ ያለችው የአቧራ መከለያም ከነሞላዋ ትወድቃለች።

ግንዱ የሚወጣው ዋፈሮቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። የሲሊንደሩ የራሱ ቁልፍ ካለ ቀላል ነው። ከሌለ ዋፈሮቹን አንድ በአንድ አስገብቶ ማውጣት የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ ይህን ክፍል ለቁልፍ ሠሪ ስጡት። በጉልበት የተጎተተ ግንድ ዋፈሮቹን ያጣምማል፣ ቤቱንም ይፍቃል።

ግንዱ ከወጣ በኋላ አውራ ጣታችሁን ዋፈሮቹ ላይ አድርጋችሁ ያዙት። ቁልፋችሁን አስገቡና እዩ። ከግንዱ ጋር እኩል የሆነው ትክክል ነው፤ ከላይ ወይም ከታች የተረፈው ይቀየራል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የመጣው ሲሊንደር ከፊት ወደ ኋላ 2፣ 3፣ 1፣ 4፣ 4፣ 2፣ 1፣ 3 ነው እንበል። የእናንተ ቁልፍ የሚፈልገው 3፣ 1፣ 1፣ 2፣ 4፣ 2፣ 3፣ 3 ነው። ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ስምንተኛው ቀድሞም ገጥመዋል፣ አትንኳቸው። የቀሩትን አራቱን ስታወጡ እጃችሁ ላይ 2፣ 3፣ 4 እና 1 አለ። 3ን ወደ አንደኛው፣ 1ን ወደ ሁለተኛው፣ 2ን ወደ አራተኛው ስንጥቅ አዛውሩ። ለሰባተኛው አንድ 3 ቁጥር ጎደለ፣ አንድ 4 ቁጥር ደግሞ ተረፈ። የጎደለው 3 ከየት ይመጣል? ከአሮጌው፣ ከተበላሸው ሲሊንደራችሁ! እሱ የተሠራው ለዚሁ ቁልፍ ስለሆነ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ሁሉ ውስጡ አለ። ለዚህ ነው የተሰበረ ሲሊንደር አትጣሉ የምለው። ባትላሜራ ቤት አሮጌውን በር ሲያስቀር ሲሊንደሩን አስፈትታችሁ ውሰዱ።

ዋፈሮቹ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየተፈራረቁ ነው የሚገቡት። ሞላዋ የምታርፍበት ትከሻ በትክክለኛው ጎን መሆኑን በየአንዳንዱ እዩ። ዋፈሩን በጣት ጫን ብላችሁ ስትለቁት መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ሞላዋ ታጥፋለች። ሞላዋን በወረንጦ ስትይዙ ወገቧን አትጫኑት።

ስለ ቅባት አጭር ነው፦ ግራሶ ስንጥቆቹ ውስጥ አታድርጉ፣ የሞተር ዘይትም አትጨምሩ። የፒስታ መንገድ አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ዋፈሩን የሚያጣብቅ ጭቃ ይሆናል። ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ጥቂት ይበቃል።

ግንዱን ቤቱ ውስጥ መልሳችሁ፣ በር ላይ ሳይገጠም እጃችሁ ላይ ፈትኑት። ደጋግማችሁ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙሩ፤ ቁልፉን ገልብጣችሁም ሞክሩ። ግንዱ ዞሮ ሳለ ቁልፉ ተስቦ የሚወጣ ከሆነ ዋፈሮቹ ጎድለዋል ወይም አጥረዋል። ቁልፉ ወጥቶ ግንዱ በካቻቢት ጫፍ የሚዞር ከሆነም እንደዚያው ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚነክስ ከሆነ ግንዱን አውጥታችሁ ቤቱን የነካ ጭረት ያለበትን ዋፈር ፈልጉ፤ ናሱ ላይ የሚያበራ መስመር ይታያል።

በር ላይ ከገጠማችሁት በኋላ ደግሞ በሩን አትዝጉት! በሩ ክፍት እንደሆነ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቢት ገፍታችሁ አስያዙት፣ በቁልፉ ቆልፉ፣ ክፈቱ፣ እጀታውን ሳቡ። ምላሱ ከተለቀቀ ብቻ በሩን ዝጉ፤ ያኔም መስታወቱ ዝቅ ይበል። ዘንጉ በትክክል ሳይያዝ የተዘጋ በር የውስጥ ሽፋኑን ለመፍታት እንኳ አያመችም።

አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ራሱ ላይ ቺፕ ያለው ቁልፍስ? የበሩን ሲሊንደር ማስማማት ቺፑን አይነካውም። መኪናው ቺፑን የሚያነበው ለማስነሳት ነው፤ የተስማማው በር የሚፈልገው ጥርሱን ብቻ ነው። ሙሉ የሲሊንደር ስብስብ ከአዲስ ቁልፍ ጋር ከመግዛት ይህ የሚሻልበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው፤ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ነገር የለም።

የተረፈውን 4 ቁጥርና የቀሩትን አሮጌ ዋፈሮች በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ፣ የቁልፉን ቁጥር ተርታ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። መኪናው ውስጥ አይሁን፤ ያንን ተርታ ያየ ሰው ቁልፉን ማስቆረጥ ይችላል። የማስነሻው ሲሊንደር ከመሪ መቆለፊያው ጋር ስለተያያዘ አፈታቱ ሌላ ነው፤ በሚቀጥለው ክፍል እሱን እናያለን። ቸር ሰንብቱ።