ትራኩ የት ገባ? የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ሲታደስ የሚነሳው ክርክር

[ምስል፦ የኤዲቲንግ ታይምላይን። ላይ ሦስት የምስል ትራክ፣ ታች አራት የድምፅ ትራክ። ትራኮቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ።]

ሰኔ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 21 ቀን 2011፣ አፕል ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ የሚባለውን የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ለገበያ አወጣ። ኤዲተሩ የሰባተኛውን ስሪት ተከታይ ሲጠብቅ የቀረበለት እንደ አዲስ ከሥሩ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ሆነ። የድሮ ፕሮጀክት አይከፍትም። ትራክ የለውም፤ ትራክ ማለት ሥራው በጊዜ ቅደም ተከተል በሚታይበት ታይምላይን ላይ ምስልና ድምፅ የሚደረደርበት ረድፍ ነው። በብዙ ካሜራ የተቀረጸን ሥራ ካሜራ እየቀያየሩ የሚቆርጡበት መልቲካም ተነሥቷል። ወዲያው «አይሙቪ ፕሮ» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ አይሙቪ የአፕል ቀላል የቤት ፕሮግራም ነውና፣ ልጆች የሚጫወቱበት ነው ለማለት።

ያ ክርክር ዛሬም አልበረደም። ድሬዳዋ ላይ አንዱ በፕሪሚየር፣ ሌላው በፋይናል ከት ሰርግ የሚቆርጡ ሁለት ሰዎች ሻይ ላይ ሲገናኙ የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ችግሩ ሁለት ጥያቄዎች አብረው መቦካታቸው ነው። አንደኛው፦ እንዴት ነው የምቆርጠው? ሁለተኛው፦ የቆረጥኩትን ለማን ነው የማስረክበው?

[ምስል፦ የሰርግ አጀብ የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር። ከሥሩ ታይምላይኑ ይታያል።]

ከቆረጣው እንጀምር። አጀቡ ከሳቢያን ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ ሙሽሪት ቤት እስኪደርስ ያለው ምስል ተደርድሯል እንበል። ከሥሩ ዘፈን አለ፤ ከላይ የሙሽሮቹ ስም ተጽፏል። ከበሮው ጠበቅ ሲል ሙሽሪት ከበር ብቅ እንድትል አድርጋችኋል። አሁን ከመሃል አንድ የ4 ሰከንድ የመኪና ምስል ረዘመባችሁና ልታወጡት ነው።

በትራክ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ አብዛኛው ሰው ዘፈኑ እንዳይነካበት ብሎ የሙዚቃውን ትራክ ይቆልፋል። ክሊፑን ክፍተት ሳይተው ሲሰርዘው ከቀኝ ያለው ምስል ወደ ግራ ይመጣል፤ የተቆለፈው ዘፈን ግን ንቅንቅ አይልም። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሠራችሁ ሙሽሪት ከከበሮው 100 ፍሬም ቀድማ ትወጣለች። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤክስፖርት ተደርጎ፣ ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ቤተሰቡ ፊት ሲከፈት ነው።

ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ ይህን ሊፈታ ያመጣው ማግኔቲክ ታይምላይን ነው። ዋናው ምስል በአንድ መስመር ይሄዳል። ሌላው ሁሉ፣ ጽሑፉም፣ ተደራቢው ምስልም፣ ድምፁም፣ ከዋናው መስመር አንድ ክሊፕ ጋር በቀጭን ክር ይታሰራል። ክሊፑ ሲንቀሳቀስ የታሰረበት አብሮት ይሄዳል። የሙሽሮቹ ስም ከነሱ ምስል ተነጥሎ መኪና ላይ አያርፍም።

ግን ክሩ ራሱ መዘዝ አለው። ዘፈኑ የታሰረው ልታወጡት ካሰባችሁት ክሊፕ ላይ ቢሆንስ? ዲሊት ስትጫኑ ሙሉው ዘፈን አብሮ ይጠፋል። አዲስ ገቢዎች «ሶፍትዌሩ ሥራዬን በላብኝ» የሚሉት እዚህ ጋ ነው። መላው ሁለት ነው። ኦፕሽን፣ ኮማንድና ዲሊትን አንድ ላይ ስትጫኑ ክሊፑ ይወጣና ባዶ ቦታ ይተካል፤ የታሰረው ነገር ባዶው ላይ ይቀራል። ወይም ከመነሻው ኦፕሽንና ኮማንድ ይዛችሁ ዘፈኑ ላይ ክሊክ በማድረግ ክሩን ወደማይነካ ክሊፕ አዙሩት። መሳቡ ጨርሶ ያስቸገረው ደግሞ «ፒ»ን ተጭኖ ፖዚሽን የሚባለውን መሣሪያ ይያዝ፤ ክሊፑ ያስቀመጡት ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ጎረቤቱን አይጎትትም።

የትራክ ወገኖች የሚሉት ግን ተራ ልማድ አይደለም። ትራክ አድራሻ ነው። ንግግር ሁልጊዜ 1 እና 2 ላይ፣ ሙዚቃ 5 እና 6 ላይ ከተቀመጠ፣ ፕሮጀክቱን አይቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ከፍቶ የሚፈልገውን ያገኛል። አድራሻው ሲነሣ የቀረው ምንድን ነው?

[ምስል፦ አንድ የሱቅ ማስታወቂያ። ተራኪው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ሲናገር በየተራ ይሰማል።]

መልሱ ሮል ይባላል። እያንዳንዱ ክሊፕ በተቀመጠበት ረድፍ መታወቁ ቀርቶ በሥራው ይሰየማል፦ ንግግር፣ ሙዚቃ፣ ኢፌክት፣ ጽሑፍ። እኛ አካባቢ ጥቅሙ ቶሎ የሚገባው አንድን ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ ለሚያወጣ ሰው ነው። ከንግግር ሥር ሦስት ንዑስ ሮል ትከፍታላችሁ፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ። ለሐረር ደንበኛ ሐረሪን ትጨምራላችሁ። ለስክሪን ጽሑፉም እንዲሁ። ከዚያ በታይምላይን ኢንዴክስ ውስጥ የማትፈልጉትን ምልክት አንሥታችሁ አንዱን ቋንቋ ብቻ ታወጣላችሁ፤ ምስሉ ያው ነው። በትራክ ፕሮግራም ይህን በሚውት፣ ማለትም የትራኩን ድምፅ በመዝጋት፣ ትሠሩታላችሁ፤ ይሠራል፣ ግን አንዱን ሚውት መርሳት ማለት ሁለት ተራኪ ባንድ ላይ ሲናገር መስማት ነው። ሮልም ቢሆን የሚጠቅመው ክሊፑን ስታስገቡ ወዲያው ከሰየማችሁ ነው። መጨረሻ ላይ መቶ ክሊፕ መሰየም ግን ከሚውቱ የባሰ ጣጣ አለው።

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን። ነጭ ጽሑፍ፦ ለማን ነው የማስረክበው?]

እንግዲህ ቁጣውን የወለደው እውነተኛ ቁስል ይኸኛው ነው። የፊልምና የቴሌቪዥን ኤዲተር ብቻውን አይጨርስም፤ ድምፁ ወደ ድምፅ ባለሙያ፣ ቀለሙ ወደ ከለሪስት ይሄዳል። ሰባተኛው ፋይናል ከት ለዚህ ኦኤምኤፍ፣ ኢዲኤልና ኤክስኤምኤል የሚባሉ የመላኪያ ፋይሎች ነበሩት። አዲሱ ሲወጣ አንዳቸውም አልነበሩም። በሰንሰለት ለሚሠራ ሰው ይህ ማለት ሥራው በሩ ላይ ቆመ ማለት ነው፤ ቆረጣው ምንም ቢፈጥን ለውጥ የለውም።

አፕል ቀስ እያለ መለሰው። በ2011 ሴፕቴምበር ኤክስኤምኤልና በሮል ለይቶ ማውጣት መጣ። በ2012 ጃንዋሪ መልቲካም ገባ፤ የድሮ ፕሮጀክት የሚያሻግር የሌላ ድርጅት መሣሪያም በዚያው ወር ተገኘ። ግን ብዙ ቤቶች እስከዚያ አልጠበቁም፤ ወደ አዶቤ ፕሪሚየርና ወደ አቪድ ሄደዋል።

ብቻውን የሚሠራው ሰው ያተረፈው ግን አለ። አሮጌው ጥቅል 999 ዶላር ነበር፤ አዲሱ 299.99። አሮጌው ባለ 32 ቢት ስለነበር ማሽኑ 16 ጊጋ ራም ቢኖረውም ከ4 በላይ አይነካም፤ አዲሱ ባለ 64 ቢት ነው። «ሴቭ» የሚባል ትእዛዝ ጨርሶ የለውም፤ እያንዳንዷን ለውጥ እዚያው ይመዘግባል። መብራት ድንገት ሄዶ የሁለት ሰዓት ሥራ ያጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ሚዲያ ስታስገቡ «ኦፕቲማይዝድ ሚዲያ» የሚለው ምልክት ከተደረገ ፕሮግራሙ ሁሉን ፕሮሬስ 422 ወደሚባል ለቆረጣ የሚመች ግን ትልቅ ፋይል ይገለብጠዋል። በ1080፣ በ25 ፍሬም፣ ያ በሰዓት 55 ጊጋ ገደማ ነው። ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት የቀረጹት ሰርግ 660 ጊጋ ይሆናል፤ ዋናው ፋይል ሳይቆጠር። ባለ አንድ ቴራ ዲስክ በሁለተኛው ሰርግ ይሞላል። ምልክቱን አንሡት፤ ማሽኑ ከከበደው ፕሮክሲ፣ ማለትም አነስ ያለ የሥራ ቅጂ፣ ብቻ አሠሩት። ከጀርባ የሚካሄደውን ሬንደርም፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያሰላበትን ሥራ፣ ከቅንብሩ አጥፉት። በድሬዳዋ ሙቀት ያለ እረፍት ሬንደር የሚያደርግ ላፕቶፕ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳልና።

[ምስል፦ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ገጾች ከሥር በተርታ።]

ሪዞልቭ የሚባለውን የኤዲቲንግ ፕሮግራም የሚሠራው ብላክማጂክ በፈረንጆቹ 2019 በሪዞልቭ 16 ላይ ሌላ መንገድ ሄደ። ከት የሚባል አዲስ ገጽ አመጣ፤ ላይኛው መስመር ሙሉ ሥራውን፣ ታችኛው የቆማችሁበትን አጠገብ ያሳያል። አሮጌው ኤዲት ገጽ ግን ከነትራኩ አልተነካም። የፈለገ ሞከረ፣ ያልፈለገ ዞር ብሎም አላየውም፤ ጩኸትም አልተሰማም። በእኛ ሚዛን የ2011ዱ ንድፍ ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ አዲሱ ቤት ጣሪያ ሳይለብስ አሮጌውን ማፍረሱ ነው።

[ምስል፦ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ጽሑፍ ወደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሲቀየር።]

አማርኛ ለሚጽፍ ኤዲተር አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ፕሪሚየር ሌጋሲ ታይትል የሚባለውን አሮጌ የጽሑፍ መሣሪያውን አስቀርቷል። በዚያ ላይ ዩኒኮድን፣ የፊደላትን ሁሉ የጋራ ኮድ፣ በማይከተል የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ከሥሩ የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ሲለወጥ ወይም ሲጠፋ እውነተኛ ማንነቱ ይወጣል። ከማደሳችሁ በፊት ጽሑፉን በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ፣ በማክ ከሆነ በከፋ ፎንት ዳግም ጻፉት። ጊዜ ከሌለ ጀርባው ግልጽ በሆነ ፒኤንጂ አውጡት።

ስታድሱ ሰርግ በሚደራረብበት ጥር አይሁን። ፕሪሚየርም፣ ፋይናል ከትም፣ ሪዞልቭም በአዲሱ ስሪት ከፍታችሁ ያደሳችሁትን ፕሮጀክት በአሮጌው መልሰው አይከፍቱም። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮጀክቱን ኮፒ አድርጉ፤ ኤክስኤምኤል አውጡ፤ ያለቀውን ሥራ ያለ ጽሑፍ አንድ ጊዜ፣ ሙዚቃና ንግግሩን ለየብቻ ሌላ ጊዜ አስቀምጡ። ከዚያ አዲሱን ስሪት በተረከበ ሥራ ፈትኑት፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ግን መልቲካምም፣ የአማርኛ ጽሑፍም፣ ሁለት ቋንቋም ይኑርበት።

[ምስል፦ ሃርድ ዲስክ ላይ የተለጠፈ ነጭ ፕላስተር፣ በእስክሪብቶ ሲጻፍበት።]

ሥራው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የደረሰ ዲስክ «በአዲስ ስሪት የተሠራ ነው» ብሎ አልከፈት ሊል ይችላል። ዲስኩ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ሦስት ነገር ጻፉበት፦ የሶፍትዌሩ ስሪት ቁጥር፣ ፍሬም በሰከንድ፣ የፎንቱ ስም። የፎንቱን ፋይል ራሱን ደግሞ ከፕሮጀክቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱት።