የኮንስታንስ ግንብና የማሪ ዱራን ደብዳቤዎች

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ነገ ጠዋት ወደ ደቡብ ፈረንሳይዋ ኤግ-ሞርት ስለምንሄድ፣ ስለ ግንቡ ትንሽ አውጋን ተብዬ ነው የቆምኩት። አላስረዝምም፤ እራቱ ይቀዘቅዛል። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የከተማዋ ስም «የሞተ ውሃ» ማለት ነው። ዙሪያዋን ረግረግና የጨው ማምረቻ ከቧታል። ግንቡን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ነው። በ1248 ለመስቀል ጦርነት የተነሣውም ከዚሁ ነበር። የግድግዳው ውፍረት 6 ሜትር ይሆናል። ጠላት የማያስገባ ግድግዳ እስረኛም አያስወጣምና፣ ወህኒ ቤት አደረጉት።

ሉዊ 14ኛ በ1685 ፕሮቴስታንትነትን ሲከለክል፣ እስር ቤቱ ሁጉኖት በሚባሉት አማኞች ሞላ። አብርሃም ማዜል የሚባል ታጋይ በ1705 ድንጋይ ፈንቅሎ ከ16 ጓደኞቹ ጋር አምልጧል። ጀግና ነው! በኋላ ግን ሴቶች ብቻ ይታሰሩበት ጀመር።

ማሪ ዱራን በ1730 ስትገባ 19 ዓመቷ ነበር። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? ወንድሟ ፒየር ሰባኪ መሆኑ። እሱን በ1732 ይዘው ሰቀሉት። እሷን ግን አልለቀቋትም። «እምነቴን ትቻለሁ» ብትል በሩ ይከፈትላት ነበር። አላለችም።

ከላይኛው ክፍል ወለል መሃል ክብ ቀዳዳ አለ። በጠርዙ ድንጋይ ላይ አንድ ቃል ተቀርጿል። ወደኛ ሲመጣ «እምቢ ማለት» እንደማለት ነው። አጻጻፉ መደበኛ ፈረንሳይኛ አይደለም። እሷ ቀረጸችው ይባላል። ዛሬ ቦታው ሙዚየም ስለሆነ ጎብኚው ሁሉ ስልኩን የሚደቅነው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ግን ከቃሉ ይልቅ ደብዳቤዎቿ ይበልጡብኛል። ከአምስተርዳም ምእመናን እርዳታ ሲመጣ ታመሰግናለች። የጎደለውን ትጠይቃለች። ጄኔቭ ላለችው የወንድሟ ልጅ፣ ለአን፣ እንደ እናት ትጽፍላታለች። ስለ ራሷ ብቻ አይደለም፤ ስለ እስረኞቹ ሁሉ ነው። ድንጋይ ላይ አንድ ቃል መቅረጽ የአንድ ሰሞን ወኔ ሊሆን ይችላል። እርዳታ እየለመኑ፣ የታመመ እያስታመሙ፣ ዓመት ከዓመት መጻፍ ግን ሌላ ነው።

በ1768 የአካባቢው ገዥ ልዑል ደ ቦቮ አስፈታት። ከታሰረች 38 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር ሲቀረው። ወደ ተወለደችበት ቤት ተመልሳ፣ ከ8 ዓመት በኋላ አረፈች።

ነገ ቃሉን ፎቶ አንሡ፤ አልከለክልም። ከዚያ ስልኩን ኪስ ክተቱና በቀዳዳው ወደታች እዩ። ደረጃው ጠመዝማዛ ነውና እናቶችን ደግፉ። አውቶቡሱ በ2 ሰዓት ይነሣል፤ የሐበሻ ቀጠሮ እንዳታደርጉት አደራ!