አሮጌ ፒካፕ ልገዛ ነው፣ ምኑን ልመን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መስመሩን ስንከፍት ከደወላችሁት አብዛኞቻችሁ ያነሣችሁት አንድ ጉዳይ ነው፤ አሮጌ ትንሽ ፒካፕ መግዛት። አይገርመኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና በሚያስገባ ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ዋጋውም አልቀመስ ብሏል። ሰው በሬውን ሸጦ፣ ዕቁቡን ለምኖ አስቀድሞ አውጥቶ ነው የሚገዛው። በሬዲዮ ሰዓት አጥሮኝ ያቋረጥኩትን መልስ እዚህ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ከአዘዞ የደወለ ወንድም፦ «በፈረንጅ 1996 የተሠራ ሲንግል ጋቢና ሀይሉክስ አግኝቻለሁ፣ ናፍጣ ነው። ኪሎ ሜትሩ 140 ሺሕ ይላል። ልመነው?»

ወንድሜ፣ ቁጥሩን እርሳው። እስኪ አስላው፤ መኪናው ወደ 30 ዓመት ይጠጋዋል። በዓመት 15 ሺሕ ብቻ ሄደ ብንል እንኳ 400 ሺሕን አልፏል። የእነዚህ መኪኖች ቆጣሪ በገመድ የሚሠራ ነው፤ ገመዱ ተበጥሶ ለዓመታት ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ዳሽቦርዱም ከሌላ መኪና ተፈትቶ የገባ ሊሆን ይችላል። ሻጩ እየዋሸህ ላይሆን ይችላል፣ እሱም ሲገዛ የተነገረውን ነው የሚነግርህ። ይልቅ የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ፣ የማርሹን ራስና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እይ። ጎማው አልቆ ብረቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ 140 ሺሕ የሚባል ነገር የለም።

ብዙ መሄዱ ግን አያስፈራህ። በዚህ ዘመን ሀይሉክሶች ላይ የሚገኙት፣ 3ኤል የሚባለው 2779 ሲሲ ሞተርና 5ኤል የሚባለው 2986 ሲሲ ሞተር ቱርቦም ኮምፒውተርም የላቸውም፤ ዘይታቸው በጊዜ ከተቀየረ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ለሻጩ የምታነሣው ጥያቄ «የታይሚንግ ቺንጋው መቼ ተቀየረ?» የሚለው ነው። ይህ የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማ ቀበቶ በየ100 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ይበላሻል። ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘህ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንስ፣ በገዛህ ሳምንትም ቀይረው።

ከደባርቅ የደወሉ እናት፦ «ልጄ ድንችና ገብስ የሚጭንበት ፒካፕ ሊገዛ ነው። ስናየው ሞተሩ ጥሩ ነበር፤ ዳገት ላይ ግን ሙቀቱ ከፍ ይላል። ሻጩ ‹ቴርሞስታቱን አስወጥቼዋለሁ፣ አሁን ችግር የለበትም› ይለናል።»

እትየ፣ ቀብድ ካልከፈላችሁ አትክፈሉ። ይሄ የቅዳሜው ዋና ጥያቄ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ገደማ ላይ ይፈላል። ደባርቅ ከጎንደር ስለምትበልጥ እዚያ ከዚህም ቀድሞ ይፈላል። ራዲያተር ግን የታፈነ ድስት ነው፤ ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ስለዚህ የክዳኑ ጎማ የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ከሆነ ደህናው ሞተር ሁሉ ዳገት ላይ ያፈላል። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል፣ ክዳን ደግሞ ርካሽ ነው።

ቴርሞስታት ማለት ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚሄድበትን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ እሱን ማውጣት ግን ሕክምና አይደለም። ሙቀቱን ያመጣው ነገር በቦታው አለ፤ በዝገትና በጭቃ የተደፈነ ራዲያተር ይሆናል፣ ያለቀ የውሃ ፖምፓ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ የሁላችን ፍርሃት፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ መቃጠል። ከኤል ሞተሮች ቱርቦ ያለው 2ኤል ቲ በተለይ በቴስታታ መሰንጠቅ የታወቀ ነው።

ልጅዎ እንዲህ ያድርግ። ጠዋት፣ ሞተሩ ካደረ በኋላ፣ ማንም ሳያስነሣው ይድረስ። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በመዳፉ ይንካው፤ ብረቱ እንደ ጠዋት ድንጋይ መቀዝቀዝ አለበት። ሞቅ ካለ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል፣ ሌላ ቀን ይምጣ። ከቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈት። ውሃው የዛገ ሻይ መስሏል? ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፍፏል? የዘይት ክዳኑንም ይፍታ፤ ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ ነጣ ያለ ቅባት ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ክፍት አድርጎ ያስነሣው። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይኖራል፣ እሱ የታፈነ አየር ነው። አረፋው ሳያቋርጥ እንደ ሽሮ ወጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ግን ከሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ ነው። ክዳኑን ዘግቶ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ይጨምቀው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ቱቦው እንደ ዱላ ከጠጠረ ቴስታታው ጋር ጣጣ አለ ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ክዳኑን ማንም እንዳይነካ፤ የተቃጠለ ፊት አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የማጠብቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ፒካፕ ገዛሁ። ሻጩ ግቢ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ጠበቀኝ፤ እኔም ሻይ ጠጥቼ፣ አንድ ዙር ነድቼ ገንዘቡን ቆጠርኩለት። አባይ በረሃ ቁልቁለቱን በሰላም ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ ቀስቱ ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ተሰማ፣ መስታወቱን እንፋሎት ሸፈነው። ሌሊቱን እዚያው አደርኩ። ቴስታታው በሁለት ቫልቮች መካከል ተሰንጥቆ ነበር።

ከአይከል፦ «መተማ ሰሊጥ ሲጭን የነበረ ፒካፕ ነው። ቀለሙ አዲስ ነው። ምን ልይ?»

ሥሩን። ላዩን ተወው። አዲስ ቀለም አሮጌ መኪና ላይ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ምን ተሸፈነ?» ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ላሜራው ላይ አስኪደው፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም የተለሰነ ሙሌት፣ አለ። የበር ስቱኮ ግን መኪና አይጥልም። መኪናውን ሁሉ የተሸከመው የሥር ብረት፣ ሻንሲው፣ ይጥላል።

መሬት ላይ ተኛና በባትሪ ብርሃን ሁለቱን የሻንሲ ክንዶች ከፊት እስከ ኋላ ተከተላቸው። ጋቢናው አልቆ ካሶኒው የሚጀምርበት ላይ ቆይ፤ ከባድ ጭነት ሻንሲውን የሚያጎብጠውና የሚሰነጥቀው እዚያ አካባቢ ነው። ቀጥሎ ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ባለ ቅጠል ብረት፣ ሻንሲውን የሚይዝባቸውን ቦታዎች እይ። የተበየደ ንጣፍ ብረት፣ ወይም አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ካየህ ጠይቅ፣ መልሱ ካልጣመህ ተሰናበት። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። የተሰበረ ሻንሲ ላይ ግን የሰው ነፍስ አልጭንም።

የባሌስትራውን ቅጠሎችም ቁጠር። ጭነት የሚያበዙ ሰዎች ቅጠል ያስጨምራሉ። በብዙ ሀይሉክሶች ላይ ከኋላ አክስል ተነሥቶ ወደ አንድ የፍሬን ቫልቭ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። መኪናው ሲጫን የኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ቅጠል ተጨምሮ ኋላው ከፍ ካለና ዘንጉ ካልተስተካከለ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያስባል፣ የኋላ ፍሬኑም ይደክማል። የደባርቋ እናት፣ ይሄ ለእርስዎም ነው፤ ልጅዎ ጭኖ ሊማሊሞን የሚወርድ ከሆነ ዘንጉ ይታይለት።

ከቆላ ድባ፦ «ስለ ጢሱ ቀለም ንገረን።»

በአጭሩ፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማው አልቋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ከሆነ ውሃ እየገባ ነው፣ ወይም ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ጥቁሩን ግን በጥንቃቄ ፍረዱበት። አየሩ እዚህ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ዳገት ላይ ትንሽ ማጥቆሩ ያለ ነው። መኪናውን ከአዘዞ ወደ ማራኪ፣ ከዚያም ወደ ጎሃ በሚያወጣው ዳገት ንዱት። ከኋላ ያለውን መኪና የሚሸፍን ጥቁር ጢስ ከተፋ ናፍጣ የሚረጨው ኑዝልና የናፍጣ ፖምፓው ይፈተሹ። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ስትፈቱ እንደ ጀበና አፍ እየተነፈሰ ጢስ ከገፋ ፋሻው ደክሟል፤ የሞተር እድሳት ገንዘብ ያዙ።

ሌላ አድማጭ፦ «ሚትሱቢሺ ኤል 200 ዋጋው ቀለል ይላል። ከሀይሉክስ ይሻላል?»

የተያዘበት አኳኋን ከስሙ ይበልጣል። ዘይቱ በጊዜ የተቀየረ ኤል 200 ከተንገላታ ሀይሉክስ ይሻለኛል። 4ዲ56 የሚባለው ሞተሩ ውስጥ ግን ከታይሚንጉ ቺንጋ ሌላ የሚዛን ዘንጎቹን የሚያዞር ሁለተኛ ትንሽ ቺንጋ አለ። ብዙ ሰው ትልቁን ቀይሮ ትንሹን ይተዋል፤ ትንሹ ሲበጠስ ትልቁን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም መቀየራቸውን ጠይቅ። ከመግዛትህ በፊትም ፒያሳ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች ዞረህ ዕቃው ይገኝ እንደሆነ አረጋግጥ።

ከጭልጋ መንገድ ላይ ሆኖ የደወለ ሹፌር፦ «ሰነዱስ?»

የሻንሲ ቁጥሩን ራስህ አንብብ፤ ሀይሉክስ ላይ በቀኝ በኩል በፊት ጎማው አካባቢ ሻንሲው ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየው፣ የሞተሩንም እንዲሁ። በቁጥሩ ዙሪያ የሞረድ ወይም የብየዳ ምልክት ካለ አትግዛ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት አጣራ። ቦሎው መታደሱ ጥሩ ነው፣ የሻንሲውን ጤና ግን አይመሰክርልህም። «ስሙን በኋላ እናዞራለን፣ ለጊዜው በውክልና ንዳው» ለሚል ሻጭ ገንዘብ አትስጥ።

ከማራኪ የደወለ ወጣት፦ «ሻጩ የራሱን መካኒክ አምጥቶ ሊያሳየኝ ነው። እናቴ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ነው የምከፍለው፤ ፈርቻለሁ።»

መፍራትህ ትክክል ነው። የሻጩ መካኒክ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ የሚከፍለው ግን ሻጩ ነው። አንተ የምታምነውን ይዘህ ሂድ። ከሌለህ ስልክህን አስመዝግበሃልና እኔ እመጣለሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም። ለሻጩ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንደምንደርስ ንገረው። ከዓርብ ማታ ጀምሮም ሞተሩን እንዳያስነሣው አደራ በለው።