ግንቡ ተሰራ ወይስ አልተሰራም?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ወጥተን ቡና ላይ ሁለት ወዳጆቼ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር፣ አንዱ ትራምፕ የአሜሪካና የሜክሲኮ ድንበር ላይ ግንቡን ሰርቷል ቃሉን ጠብቋል ይላል፣ አንዱ ደሞ የምን ግንብ ይላል፣ እኔ ዝም አልኩ፣ ዝም ማለቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ሰውዬው በ2015 ሲወዳደር ያለው ሁለት ነገር ነው፣ ግንብ እሰራለሁ፣ ሜክሲኮ ትከፍላለች። ድንበሩ ከ3,100 ኪሎሜትር በላይ ነው። በጃንዋሪ 2021 ስልጣን ሲለቅ 737 ኪሎሜትር ገደማ ተሰርቷል፣ ግን አብዛኛው ድሮም የሆነ አጥር የነበረበት ቦታ ነው፣ ምንም ባልነበረበት የቆመው ዋና አጥር 84 ኪሎሜትር ገደማ ነው። እውነቱን ለመናገር ደሞ መተካቱም ቀላል ስራ አይደለም፣ መኪና ብቻ የሚያግድ አጭር ብረት ነቅለው እስከ 9 ሜትር የሚደርስ ኮንክሪት የተሞላ ብረት ያቆሙበት ቦታ ብዙ ነው።

ክፍያው ላይ ግን ምንም የሚያከራክር ነገር የለም፣ ሜክሲኮ አልከፈለችም። ከኮንግረስ ጋር በገንዘቡ ተካረው መንግስት 35 ቀን ተዘጋ፣ ከዛ በፌብሩዋሪ 2019 የአስቸኳይ ጊዜ አውጆ ከመከላከያ በጀት ወሰደ፣ በ2025 ደሞ ኮንግረስ 46.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደለት፣ ይሄ ሁሉ እኔና እናንተ የምንከፍለው ታክስ ነው። ሜክሲኮ ወታደር አሰማርታ ስደተኛ አስቁማለች፣ ያ ራሱ ክፍያ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልቀበለውም፣ ቃሉ እንደዛ አልነበረማ። ባይደንም በ2020 አንድ ጫማ ግንብ እንኳ አልጨምርም ብሎ በ2023 ቴክሳስ ስታር ካውንቲ ላይ 26 ህጎች ወደ ጎን ተትተው ይሰራ ተባለ፣ ገንዘቡ ቀድሞ የተመደበ ነው አለ፣ እሱንም ቃሉን ጠብቋል አልልም።

ግን ሲከነክነኝ የነበረው ይሄ አይደለም። የአክስቴ ልጅ በ2019 ቲዋና፣ የሜክሲኮ የድንበር ከተማ ነበረ፣ ከብራዚል ተነስቶ ዳሪየንን፣ ኮሎምቢያና ፓናማ መሃል ያለውን ጫካ፣ በእግሩ አቋርጦ ነው የደረሰው። አጥሩ ባህር ውስጥ ሲገባ ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ ነበር፣ እሱ ግን አጥር ልዝለል ብሎ አያውቅም፣ በበሩ ገብቶ አሳይለም፣ ጥገኝነት ማለት ነው፣ ሊጠይቅ ነው የሄደው። በሩ ላይ ያኔ በቀን የሚያስገቡት ጥቂት ሰው ነበር፣ ኤል ቻፓራል የሚባል አደባባይ ላይ ስደተኞቹ ራሳቸው የሚይዙት ደብተር ነበር፣ ስምህን ይመዘግቡና በብጣሽ ወረቀት ቁጥር ይሰጡህ ነበር፣ ከዛ ጠዋት ጠዋት ይጠራ ነበር። ስሜን አጣመው ሲጠሩት ያመልጠኛል ብሎ በየቀኑ ገና ሳይነጋ እዛ ይቆም ነበር፣ አራት ወር ሙሉ። ስልክ ስደውልለት ከጀርባው የሚጠሩት ቁጥሮች ይሰሙኝ ነበር፣ በስፓኒሽ፣ እሱ እነሱን እየሰማ ነው የሚያወራኝ፣ መሃል ላይ ቆይ ቆይ ይለኛል። ስለ ኪሎሜትር ስንከራከር ያንን ደብተር የሚያነሳ ሰው የለም።

እሁድ ዕለትም የአክስቴ ልጅ እዛው ጠረጴዛ ላይ ከኛ ጋር ተቀምጦ ነበር፣ ስኒውን ይዞ፣ ማንም ምንም አልጠየቀውም፣ እኔም ጭምር። በሚቀጥለው እሁድ ፈቃዱ ከሆነ እሱ ያውራ እላቸዋለሁ። በሉ ደህና ሁኑልኝ።