«ዶሮ ገዷ አይደለም» ይቅር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ጫጩቶቻችሁን የምትረከቡ አዲስ አርቢዎች፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ጓሮ ዶሮ እርባታ በጠቅላላው እንድናገር ነው የጠየቁኝ፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ መኖው፣ ስለ እንቁላሉ። ሁሉንም እነካካለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ ነባር አባላት አፌን ሳልከፍት አውቃችሁታል። «ዶሮ ገዷ አይደለም» የሚባለው ነገር ከዚህ ማኅበር እንዲጠፋ እፈልጋለሁ።

አንዲት እህታችን እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። ታሪኳን እንዳወራ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። ዛሬ ጥሩ አርቢ ናት፤ አምና ግን እንደ እናንተ ጀማሪ ነበረች። ቤቱን አስቀድማ አሠርታ፣ ሽቦውን አስጠብቃ፣ ጉዝጓዙን በደንብ አንጥፋ ነው የጠበቀችው። ጫጩቶቹ በካርቶን መጡ። ያመጣላት ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለና ሄደ። ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚፈልጉ አልነገራትም። መከተብ አለመከተባቸውንም አልነገራትም። እሷ ጫጩት ሙቀት ይፈልጋል ሲባል ሰምታለችና አምፖል ከጣሪያው ላይ አንጠልጥላ፣ ውኃና መኖ አስቀምጣ፣ በሩን ዘግታ አደረች።

ማለዳ አስጠራችኝ። ስገባ ጫጩቶቹ ከበሩ ትይዩ ካለው ጥግ ተቆልለዋል። ከላይ ያሉት ይንጫጫሉ፤ እነሱን ብናነሣ ከሥር ያሉት ታፍነው ሞተዋል፤ ገላቸው ጠፍጥፏል፣ ጸጉራቸው በእርጥበትና በኩስ ተጣብቋል። ተንበርክኬ እጄን ጉዝጓዙ ላይ ሳሳርፍ በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ጣቶቼን አቀዘቀዛቸው። አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁት፤ ከራሴ በላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሞቅ ያደረው ጣሪያውን ነው።

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የራሱን ገላ የሚያሞቅበት አቅም የለውም። የለበሰው ለስላሳ ጸጉር እንጂ ላባ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያውም ጫጩቱ ጀርባ አጠገብ ተለክቶ። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ፣ 6 ሳምንት ገደማ ላይ ላባ ሲያወጣ ትተዉታላችሁ። ቴርሞሜትር ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን ማየት ነው። ማሞቂያው ሥር ከተቆለሉ በርዷቸዋል። ርቀው ሄደው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሸሹ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ተበታትነው ከበሉ፣ ከጠጡና ከተኙ ተስማምቷቸዋል። ይህን ለመናገር የሁለት ደቂቃ ጊዜ ይበቃል። ያ ሻጭ ሁለት ደቂቃ አልነበረውም።

የተረፉትን አሳደገቻቸው። ላባ አውጥተው፣ ጓሮ ወጥተው መጫር ጀመሩ። እኔም አይቻቸዋለሁ፤ ያማሩ ነበሩ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዷ ትንፋሿ ማንቋረር ያዘ። ቀጥሎ አረንጓዴ ኩስ፣ የወደቀ ክንፍ፣ የተጠማዘዘ አንገት። ፈንግል ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ባዶ ቀረ። ሻጩ ጋ ደውላ «ተከትበው ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችው። «እንደተሰጡኝ ነው የሰጠሁሽ» አላት።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ከዚህ ማኅበር አባላትም ሳይቀሩ ምን አሉ? «እሷ ዶሮ ገዷ አይደለም» አሉ!

ወገኖቼ፣ ፈንግል ቫይረስ ነው። ገድ አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ተመዝግቦ ሳይንሱ ካወቀው አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል። አንዴ ከገባ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሚከላከል ክትባት ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ አለ። በዓይን የሚንጠባጠብ ነው፤ ሕፃን ልጅም ጫጩቱን ይዞ ሊያግዛችሁ ይችላል። ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ የጓሮ ዶሮ ለምን ያልቃል? ምክንያቱን ልንገራችሁ። ክትባቱ የሚመጣው ለመቶዎችና ለሺዎች በሚበቃ ብልቃጥ ነው። አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተቀመጠ ይሞታል። አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ዐሥር ጫጩት ያለው ሰው ለዐሥር ጫጩት ይህን ብልቃጥ አይከፍትም፤ «ይቅር፣ እግዜር ይጠብቃቸው» ይላል። ትልልቆቹ እርባታዎች ይከትባሉ፤ የኛ ጓሮ ይቀራል። ሲያልቅብን ደግሞ ገድ እንጠይቃለን!

የማሬክ በሽታ ደግሞ ይብሳል። ሃንጋሪያዊው የእንስሳት ሐኪም ዮዜፍ ማሬክ እ.ኤ.አ. በ1907 የገለጸው፣ እግርና ክንፍ የሚያሽመደምደው በሽታ ነው። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቱ በተፈለፈለበት ቀን እዚያው መፈልፈያው ቤት ነው። እናንተ እጅ ከገባ በኋላ ጊዜው አልፏል። ይህን ማድረግ የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው፤ ያደረገ ከሆነም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ዝም ብሎ ካርቶን አስጨብጦ የሚሄድ ሰው የሸጠልን ጫጩት ሳይሆን ሐዘን ነው!

ስለዚህ ነገ ማንም አባል የክትባት ወረቀት የሌለውን ካርቶን አይቀበል። የተሰጠው ክትባት ስም፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚደገምበት ቀን ተጽፎ ይምጣ። አልጻፍም ያለ ሻጭ ጫጩቱን ይዞ ይመለስ። አንድ ሰው ብቻውን ቢል ይስቁበታል፤ ሁላችንም ካልን ይጽፋሉ።

የቀረውን እኛ እንሥራው። ጫጩቶቻችን እኩያ ስለሆኑ የሚከተቡበትም ቀን አንድ ነው። አንድ ብልቃጥ በጋራ እንግዛ፤ የእንስሳት ሐኪም ፕሮግራሙን ያውጣልን፤ በበረዶ ሳጥን ይዘን በአንድ ጠዋት ከቤት ቤት እየዞርን እንከትብ። ከዛሬው ስብሰባ ሌላ ምንም ባይወጣ ይህ ይውጣ። ስም የሚመዘገብበት ደብተር በሩ አጠገብ አለ፤ ሳትመዘገቡ እንዳትወጡ።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን። ውኃ መጠጫው ዙሪያ የረጠበውን በየቀኑ አውጡ፤ ደም የቀላቀለ ኩስ የሚያመጣው ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የሚበረታው እርጥበት ላይ ነው። ለጫጩት የጫጩት መኖ ስጡ። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ የቄብን ኩላሊት ይጎዳል፤ እንቁላል መጣል እስኪቃረቡ፣ ማለትም 18 ሳምንት ገደማ እስኪሞላቸው ይቆይ። ዶሮ ከምትበላው ሁለት እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ ውኃ ለግማሽ ቀን ቢጠፋ እንቁላሉ ላይ ታዩታላችሁ። ለእንቁላል አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጫጩት ለምትሹ ነው።

ለአንዲት ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቆጥ፣ ለአራት ወይም ለአምስት አንድ እንቁላል መጣያ ሳጥን ይበቃል። የቤቱ ቀዳዳ ከቆጡ በላይ ይሁን፤ አየር ይግባ፣ ነፋሱ ግን ዶሮዋን አይምታት። ከነካችኋቸው በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልጆቻችሁንም አስታጥቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ወደፊት አዲስ ዶሮ ስታመጡ ወዲያው ከነባሮቹ አትቀላቅሉ፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ግቡና ማሞቂያውን ዛሬ ማታውኑ አብሩት። ጉዝጓዙ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጫጩቱ ሲደርስ ወለሉ ሞቆ ይጠብቀው። አምፖሉ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ እንዳይወድቅና እሳት እንዳያስነሣ በሰንሰለት እሰሩት፤ የበሩን ሥር ድፈኑ። ነገ ከካርቶኑ ስታወጧቸው የእያንዳንዱን ጫጩት ምንቃር ውኃ ውስጥ ነከር አድርጉ፤ አንዱ መጠጣት ከጀመረ ሌሎቹም አይተው ይከተላሉ። ጠዋት እንገናኝ፤ ወረቀቱን አትርሱ።

አመሰግናለሁ።