ወደ ሚሌ ስንወርድ ኤሲው ለምን ይከዳናል?

መዲና፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምንወያየው የመኪና ኤሲ ሥራ ሲያቆም ከየት ተነሥቶ መመርመር እንደሚገባ ነው። ከፊውዙ እንጀምር ብለን ነበር የተስማማነው።

ሰዒድ፦ ተስማምተን ነበር፤ ሆኖም ባለፈው ወር የገጠመኝን ሳልናገር ወደ ፊውዝ መግባት አልችልም። አፋር ውስጥ ወዳለችው ሚሌ ለመውረድ ከደሴ ካፖርት ለብሼ ተነሣሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ አወለቅሁት፤ ባቲን አልፌ ቆላው ሲጠና ኤሲውን ብከፍት የወጣው የምድጃ ትንፋሽ ነው። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን እያራገበች «አብሽር ልጄ» ትለኛለች፤ እኔን ያንገበገበኝ ግን በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጋዝ ማስሞላቴ ነው።

መዲና፦ ሁለት ጊዜ? ታዲያ ጋዙ የት ሄደ?

ሰዒድ፦ ጥያቄው እሱ ነው! የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የሚኖር ስለሆነ ከጎደለ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ጥላ ፈልጌ ቆምሁና ኮፈኑን ከፈትሁ፤ እናቴን የኤሲውን ቁልፍ አሳይቻት እሷ ስትጫን እኔ አዳመጥሁ። ቺንጋውም ፑሊውም ይዞራሉ፤ «ቀጭ» ብሎ አብሮ መዞር የነበረበት የኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም የጋዝ መጭመቂያው፣ ሳህን ግን ንቅንቅ አላለም።

መዲና፦ እሱ እኮ የፊውዝ ወይም ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው የሪሌ ችግርም ሊሆን ይችላል።

ሰዒድ፦ ልክ ነሽ፤ ሁለቱንም አየሁ፣ ደኅና ናቸው። ጋዝ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር፣ ያለ ጋዝ ቢሠራ ነክሶ ይቆማል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝተው በግድ የሚያስነሡ ሰዎች ኮምፕሬሰሩን ይገድሉታል። ወዲያው ዓይኔ ጋዙን የሚያቀዘቅዘው ኮንደንሰር ጋ ካለው የቱቦ መጋጠሚያ ላይ ዐረፈ፤ ሌላው ቦታ አቧራው ደረቅ ሲሆን እዚያ ግን በዘይት ርሶ ጠቁሯል። ስመለስ ኮምቦልቻ ላይ መካኒኩ ትንሽ ጋዝ ጨምሮ የሳሙና አረፋ ቢቀባው ፊኛ ፊኛ እያለ ወጣ። የጣት ቀለበት የምታህል ጎማ ናት የከዳችኝ!

መዲና፦ ቢሆንም እናቱን ይዞ ቆላ ለሚወርድ ሰው፣ ለዚያ ቀን ጋዝ ማስሞላት ነውር አይደለም።

ሰዒድ፦ ለአንድ ቀን ይሁን እሺ፤ ግን ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ገንዘብን ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው። ከጥገናው በኋላም አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ሳይሳብ መሞላት የለበትም።

መዲና፦ በዚህ አልተግባባንም፤ ይቆየን። ቱቦውን ግን ማንም በገዛ እጁ እንዳይፈታ አደራ። አር-134ኤ የሚባለው ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ስለሆነ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። ደግሞም መኪናው ሲሄድ የሚያቀዘቅዝ፣ የባቲ የሰኞ ገበያ መንገዱን ሲዘጋው የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የኮንደንሰሩ ፋን መዞሩ ይታይ።

ሰዒድ፦ እሱም አለ። እኔ ግን ወደዚያች ጎማ ልመለስ። እኛ ደሴዎች ብርድ ነው ብለን ኤሲውን ለወራት ስለማንነካው ዘይቱ አይዞርም፣ ጎማዎቹም ይደርቃሉ። በሳምንት ዐሥር ደቂቃ ይሥራ።

መዲና፦ በሐምሌ ብርድ?

ሰዒድ፦ በሐምሌም! እርጥበቱን ስለሚመጥጥ የመስታወቱን ጉም ይገፍልሻል።

መዲና፦ ይህን ከነገ ጀምሬ እሞክረዋለሁ። ፊውዙስ?

ሰዒድ፦ ቦታው በሣጥኑ ክዳን ላይ ተሥሏል፤ የተቃጠለውን በዚያው አምፔር ብቻ ተኩት፤ እንደገና ከተቃጠለ ከፍ ያለ አታስገቡ፣ ኤሌክትሪሺያን ገመዱን ይመልከተው።